እየጠበበ የሄደው ጥሩር

ጋራዡ ውስጥ በስሟ የሚጠራት አልነበረም። ደንበኛውም፣ ዘበኛውም፣ አለቃዋም «ባለ መዶሻዋ» ነበር የሚሏት። ሙያዋ ባትላሜራ ነው፤ የተጋጨ መኪና ላሜራ ቀጥቅጣ ወደ ቀድሞ ቅርጹ ትመልሳለች። የተጨረማመተ በር ሲያመጡላት መጀመሪያ ዓይኗን ጨፍና በመዳፏ ትዳብሰዋለች፤ ከዚያ ከውስጥ ደግፋ ከውጭ ትመታዋለች። ባለቤቱ ሊወስደው ሲመጣ ግጭቱ የቱ ጋ እንደነበር ይጠፋበታል።

ባሏ የአውቶቡስ ሹፌር ነበር። በር ሲገባ ጎንበስ የሚል፣ የተቀመጠበትን ወንበር ሲጥ የሚያሰኝ ግዙፍ ሰው ነው። ጓደኞቹ «ግንቡ» ብለው አወጡለት፤ እሷም በዚያው ለመደችው። እግዜር ልጅ አልሰጣቸውም። የዚያን ቅሬታ ጊዜ አደብዝዞት እንደ አብሮ አደግ እየተቀላለዱ ይኖሩ ነበር።

ነገሩ የተጀመረው አንድ መላጣ፣ መነጽሩን በክር አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ሰው መኪናውን ከአጥር አጋጭቶ የመጣ ጊዜ ነው። ሰውየው የሙዚየም ሰው ነው፤ የሕክምና ሳይሆን የታሪክ ዶክተር። መኪናውን ሊወስድ ሲመጣ የተስተካከለውን ላሜራ ከላይም ከታችም እያጎነበሰ አየው።

«ይኼን ያለ ማሽን ነው የሠሩት?»

«ማሽኑ ይኸውልዎ» ብላ የጠቆረ መዳፏን ዘረጋችለት።

በማግስቱ አንድ ፖስታ ሙሉ ፎቶ ይዞ ተመለሰ። የአንድ አሮጌ ምሽግ ወለል ሲታደስ ከድንጋዩ ሥር መቃብር መገኘቱን ነገራት። በመቃብሩ ውስጥ ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት የኖረ የአንድ የጦር አለቃ አጥንት፣ ከአጥንቱ ጋር ደግሞ በዝገት የተበላ ጥሩር ማለትም የጥንት ተዋጊ በጦርነት ጊዜ የሚለብሰው የብረት ልብስ ነበረ። ከላይ የተከደነበት ድንጋይ ላይ ሰውዬው ጥሩሩን ለብሶ እንደተኛ ተቀርጿል። ሙዚየሙ የፈለገው ያ ልብስ አዲስ ሳለ እንዴት እንደነበረ ሠርቶ ማሳየት ነው።

«በሐሳብ የሚሠራማ ሞልቷል» አላት ዶክተሩ። «እኔ የምፈልገው በማስረጃ የሚሠራ ነው።»

ሥራውን ይዛ ወደ ጋራዡ ጓሮ ገባች። የመጀመሪያው የደረት ብረት እንዳማረ ተበላሸ። ከገበያ በተገዛ ላሜራ ሠርታ፣ አብረቅርቃ፣ እሷ ራሷ ቆማ ያደነቀችውን ዶክተሩ በካሊፐር ውፍረቱን ይለካ ጀመር፤ ሲለካም ፊቱ ጠቆረ። የጥንቱ ብረት ከመሀል ወፍራም ነው፤ ወደ ጠርዙ ሲሄድ እንደ ጥፍር ይሳሳል። የእሷ ግን ከዳር እስከ ዳር አንድ ውፍረት ነው። በመቁረጫ ለአራት ከፈለችው። ከዚያ ከወፍራም ብረት ተነስታ፣ እያጋለች፣ መሀሉን ትታ ዳር ዳሩን እያሳሳች እንደገና ጀመረች። በራጅ የተነሳው የዝገቱ ፎቶ የአሮጌውን አንጥረኛ የመዶሻ ዱካ ከውስጥ በኩል ያሳይ ነበር፤ እሷም ያንን እያየች ምቷን አስተካከለች። ዝገቱ፣ የድንጋዩ ምስልና አጥንቱ ሲስማሙ ሥራው ይቀጥላል። ሳይስማሙ ሲቀሩ ሁለቱ ይከራከራሉ። «አናውቅም» የሚለው ቃል ከዶክተሩ አፍ አይጠፋም፤ መጀመሪያ ሰሞን ያበሳጫት ነበር፤ በኋላ ግን ሰውየውን ያመነችው በዚያ ቃል ነው።

የልብሱ ልክ የሚገኘው ከአጥንቱ ነው። ግንቡ አንድ ቀን ከሥራ ሊወስዳት ወደ ጓሮው ብቅ ሲል ዶክተሩ ወሬውን አቋርጦ ፈዞ ቀረ። ከዚያ ሜትሩን አወጣ። ትከሻውም ጭኑም ከዚያ ከሞተው የጦር አለቃ ጋር ልክ ለልክ ሆነ ማለት ይቻላል። ከዚያን ቀን ጀምሮ ግንቡ የልብስ መለኪያ ሆነ። ካርቶን ቆርጣ ደረቱ ላይ ታስረዋለች፤ እሱ እጁን ዘርግቶ ይቆማል።

«ሰው ሚስቱ ሹራብ ትሠራለታለች፤ የእኔ ቆርቆሮ ታለብሰኛለች» ይላል።

«ሹራብማ ያረጃል።»

«ልክ ነሽ፤ ይኼኛው ቀባሪንም ይሸኛል።»

ካርቶኑን አስራ ክንዱን ስትለካ ነው መጀመሪያ ያየችው። ከቆዳው ሥር ሥጋው ለብቻው ይርገበገባል። «ብርድ ነው» አላት። ከወር በኋላ በዚያው ካርቶንና በክንዱ መሀል ጣቷ ገባ። ካርቶኑ ለቆ ነው ብላ ራሷን ሸነገለች። ከዚያ አንድ ጠዋት አውቶቡሱ ከመንገድ ወጥቶ ከምሰሶ ጋር ተላተመ። ተሳፋሪ አልተጎዳም። እሱ «ፍሬን ነው» አለ፤ ሁለተኛ ግን መሪ አልጨበጠም።

ሆስፒታል ያገኙት ሐኪም ወጣት ነበር፤ ሲናገር ከፊታቸው ይልቅ ጠረጴዛውን ነበር የሚያየው። ጡንቻን የሚያዙት ነርቮች እየሞቱ ነው፤ የሚያድን መድኃኒት የለም፤ እጅ ይጀምራል፣ እግር ይከተላል፣ መጨረሻ ላይ ትንፋሽ። ሲወጡ ግንቡ ደረጃው ላይ ተቀመጠ።

«የሚያድን ዶክተር ስንፈልግ የሙታን ዶክተር ይግጠመን?» አለ። ለመሳቅ ሞከሩ፤ አልሆነላቸውም።

ታላቅ እህቱ ሻንጣዋን ይዛ ልታስታምመው መጣች። ባሏ የሞተባት፣ ቆፍጣና፣ ቤት ገብታ ያልወለወለችው ነገር የማይቀር ሴት ናት። ወንድሟን ታጥባለች፣ ታጎርሳለች፣ ታገላብጣለች። ባለ መዶሻዋ ቀን ጋራዥ ውላ ስትመጣ ታላቅ እህት በሩ ላይ ትጠብቃታለች።

«አንቺ ልጅ፣ ዛሬም ስትቀጠቅጪ ዋልሽ?»

«ሥራ ነው እኮ እትዬ።»

«ሥራ! የሙት ልብስ በወንድሜ ቁመት ሰፋሽ። በቁሙ ለመቃብር ለካሽው። ከዚያ በኋላ አይደል የታመመው?»

«እትዬ፣ ተያት በቃ» ይላል ግንቡ ከአልጋው። «እኔን የያዘኝ ብረት አይደለም።»

ባለ መዶሻዋም ማታ ማታ እንደዚያው ታስብ ነበር። ሥራውን እንዳትተው ያደረጋት እሱ ነው። የቱ ጋ እንደደረሰች በየቀኑ ይጠይቃታል፤ የጥሩሩ ትከሻ እንዴት እንደታጠፈ፣ ጉልበቱ እንዴት እንደሚተጣጠፍ። የእሱ መገጣጠሚያዎች እምቢ ባሉ ቁጥር የብረቱን ማወቅ ይፈልጋል።

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ዶክተሩ ሳይደውል ቤት መጣ። ውጭ አገር ሰንብቶ መመለሱ ነው፤ ስለ በሽታው የነገረው ሰው የለም። በሩ እንደተከፈተለት ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርስ የራጅ ፎቶዎቹን ጠረጴዛ ላይ ዘረጋ።

«ይዩት! እዚህ ጎኑ ላይ፣ ጠፍሩ የሚታሰርበት ቦታ። ይኼ ቀዳዳ የሠሪው ነው፤ ንጹሕ። ቀጥሎ ያለው ግን የሌላ እጅ ነው፤ ሸካራ። ይኼኛው ደግሞ በጥድፊያ በምስማር የተበሳ ነው የሚመስለው። ሁሉም ወደ ውስጥ ነው የሚሄዱት! የጀርባውም ጠርዝ ተቆርጦ ጠቧል።»

«ለሌላ ሰው ተላልፎ ይሆናላ» አለች ባለ መዶሻዋ።

«እኔም እንደዚያ ነበር የገመትኩት። ነገር ግን አጥንት የምትመረምርልን ሐኪም አከርካሪውን አየችው፤ ነቀርሳ ገብቶ በልቶታል። ያው ሰው ነው! ለረጅም ጊዜ እየመነመነ፣ እየከሳ፣ ልብሱን ደግሞ በላዩ ላይ እያጠበቡለት…»

መስኮቱ አጠገብ፣ ብርድ ልብስ ውስጥ የተቀመጠውን ሰው አሁን ገና አየው። አንገቱ ትራስ ተደግፏል፤ እጆቹ ጭኑ ላይ የተረሱ ዕቃ ይመስላሉ። ዶክተሩ ፎቶዎቹን መሰብሰብ ጀመረ፤ አንዱ ከእጁ አመለጠው።

«ይቅርታ፣ ወንድሜ። አላወቅኩም።»

«ተወው፣ አትሰብስበው» አለ ግንቡ። ድምፁ ቀጥኗል። «እንዴት ሞተ ሰውየው?»

«የሰይፍም የጦርም ምልክት አጥንቱ ላይ የለም። በሕመሙ ሳይሆን አይቀርም።»

«ታዲያ እየሞተ ብረት ምን አስለበሰው?»

«እሱን አናውቅም።»

ግንቡ ጭኑ ላይ ወዳሉት እጆቹ ተመለከተ። «እኔስ ጣቶቼ ሲከዱኝ መሪውን በክርኔ እየያዝኩ ስንት ጊዜ ነዳሁ? ሰው ሞልቼ። ግንቡ ደከመው እንዳይሉኝ ነዋ።»

ባለ መዶሻዋ ይህን ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነው። ተነስታ ወጥ ቤት ገባች፤ የቧንቧውን ውሃ ከፍታ፣ ምንም ሳታጥብ ቆመች። ተመልሳ ስትመጣ ዶክተሩ ሄዷል።

«ስትጨርሺው አንዴ አልብሺኝ» አላት ባሏ።

«ምን ያደርግልሃል?»

«ልኬ አይደል? ልልበሰው።»

እሺ አለችው። ታላቅ እህቱ ገበያ የምትወጣበትን ቀን ጠብቃ የጥሩሩን የደረትና የጀርባ ብረት በጓደኛዋ ፒካፕ አስመጣች። ከውስጥ የሚለበሰውን በጥጥ የተሞላ ጃኬት አለበሰችው፤ ቀጥሎ ብረቱን። ጠፍሩን ሳበችና በመጨረሻው ቀዳዳ አሰረችው። ልክ ሆነ። መስታወት አምጥታ ያዘችለት፤ እሱም ራሱን አይቶ ፈገግ አለ፤ ያን ፈገግታ ካየችው ስንት ጊዜዋ!

ከዚያ ፈገግታው ሳይከስም ዓይኑ ፈጠጠ። ብረቱ ከብዶት ደረቱ መነሳት አቅቶታል። ከንፈሩ ጠቆረ። ወደ ዘለበቱ ተወረወረች፤ ጠፍሩ አዲስ ቆዳ ስለሆነ ደርቆ አልላቀቅ አላት። ሮጣ ቢላዋ አምጥታ ቆረጠችው። የደረቱ ብረት ወለሉ ላይ ሲወድቅ ቤቱ ተናወጠ፤ ታላቅ እህቱ ዘንቢሏን እንደያዘች የገባችው በዚያው ቅጽበት ነው። ዘንቢሉን ጥላ ወንድሟን አቀፈችው፤ ጀርባውን እያሸች አየር እስኪገባለት ጠበቀች። ከዚያ ቀና አለች።

«ገደልሽው።»

«እኔ ነኝ… ያልኳት» አለ ግንቡ በቁራጭ ትንፋሽ።

«አንተ ዝም በል! ገደልሽው አንቺ!»

አልሞተም። ግን ከዚያ ወዲህ ትንፋሹ አልተመለሰለትም። ሳንባው ውሃ ቋጠረ፣ ሆስፒታል ገባ፣ ዝናቡ ባላባራበት አንድ ሳምንት መጨረሻ ላይ ሚስቱ እጁን እንደያዘች አረፈ። ወጣቱ ሐኪም ብረቱ እንዳልገደለው፣ በሽታው ራሱ ወደዚያ እየሄደ እንደነበር ነገራት። ሰማችው፤ ሙሉ በሙሉ ግን አላመነችውም። ታላቅ እህቱ በለቅሶው ሁሉ ከእሷ ርቃ ተቀመጠች፤ ሲያበቃም ሳትሰናበታት ሻንጣዋን ይዛ ሄደች።

ባለ መዶሻዋ ለብዙ ጊዜ ጓሮውን አልረገጠችም። በኋላ ግን የቀረው ትንሽ ነበርና ጨረሰችው፤ የተቆረጠውንም ጠፍር ለወጠችው። ሙዚየሙ ውስጥ በሰው ቁመት ለተሠራ ምስል ሊያለብሱት ሲሉ ዳይሬክተሩ መጣና ፊቱን አጨፈገገ።

«ከሲታ አደረጋችሁት እኮ! በሰፊው ቀዳዳ እሰሩት፣ ደረቱን ንፉት። ጀግና ይምሰል እንጂ።»

«የዘለበቱ የዝገት አሻራ የተገኘው በመጨረሻው ቀዳዳ ላይ ነው» አለ ዶክተሩ። «ሲቀበር እንደዚህ ነበር የታሰረው።»

«የታመመ ሰው ይመስላል።»

«ታሞ ነበራ!»

ዳይሬክተሩ ወደ እሷ ዞረ። «እርስዎስ ምን ይላሉ?»

«እንደነበረ ይሁን» አለች። እንደነበረ ሆነ። ዳይሬክተሩ ግን ከዋናው አዳራሽ አስወጥቶ መተላለፊያው ጫፍ ላይ፣ መብራት በማይደርስበት ማዕዘን አስቀመጠው። ጎብኚው የሚያብረቀርቁትን ሰይፎች ፍለጋ በአጠገቡ ያልፋል። የምረቃው ዕለት እሷ አልሄደችም። ዶክተሩ ሌላ ቦታ የተገኘ የራስ ቁር ፎቶ ይዞ ጋራዥ ድረስ ቢመጣ እንዳየችው መለሰችለት።

«አይሆንም ዶክተር። ሌላ ሰው ይፈልጉ።»

አልተከራከራትም።

አንድ ቀን በምሳ ሰዓት የግንቡን ታላቅ እህት ጋራዡ በር ላይ ቆማ አየቻት። ከስታለች። ምሳ ዕቃ ይዛለች።

«ሐኪሙን ሄጄ ጠየቅኩት» አለች ሰላም ሳትል። «ቢለብስም ባይለብስም ያው ነበር አለኝ።»

«ለእኔም እንደዚያ ብሎኛል።»

«ላንቺ ብዬ አይደለም የጠየቅኩት። እንቅልፍ አጥቼ ነው።»

«አገኙ ታዲያ?»

«አላገኘሁም።»

ከመኪና የተነቀለ አሮጌ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው በሉ። ታረቁ ማለት ይከብዳል። ታላቅ እህቱ አንዳንድ ሳምንት ትመጣለች፣ አንዳንዴ ትቀራለች፤ ስትመጣ ስለ ኑሮ ውድነት፣ ስለ ጉልበቷ ሕመም ታወራለች። ስለ እሱ አንዳቸውም አያነሱም። በልተው ሲጨርሱ ዕቃውን ጋራዡ ቧንቧ ላይ አለቅልቃ ትሄዳለች፤ ባለ መዶሻዋም ግማሹ የተስተካከለ በር ወደሚጠብቃት ቦታ ትመለሳለች።