እትፍ የሌለው ምርቃት

ወላሂ፣ ከዚህ ላይ አንዲት ቃል ከጨመርኩ ሞቼ ልገኝ። ልጅ ሳለሁ፣ በደርግ ጊዜ፣ ሰዓት እላፊው ሰውን ሁሉ በጊዜ ቤቱ ሲከተው፣ ደሴ ቧንቧ ውሃ ሰፈር በነበረው ቤታችን የአባቴ አጎት አባባ ይማም ከምድጃው ፍም አጠገብ ተቀምጠው ተረት ይነግሩን ነበር። የእሳቸው ጅብ የግመል ቅፍለት ከነነጋዴው የሚውጥ ነበር። ተረቱ ሲያልቅ በየተራ ግንባራችን ላይ «እትፍ፣ እትፍ፣ እደጉ!» እያሉ ይመርቁናል፤ ምራቃቸው ደግሞ የኮምቦልቻን ማሳ ያጠጣል።

አንድ ቀን የታናሽ እህቴ የዘይነብ አንገት አበጠ፤ ትንፋሿም የሐረጎን ዳገት እንደሚወጣ ጭነት መኪና ያቃስት ጀመር። እናቴ አዝላት ሆስፒታል ሮጠች። ጉሮሮዋን ግራጫ ሽፋን ጋርዶት ተገኘ፤ ዲፍቴሪያ ነው ተባለ፣ እዚያው አስተኟት። በማግስቱ አንዲት ሲስተር መጥታ የሁላችንንም ጉሮሮ በባትሪ አየች፣ መድኃኒት ሰጠችን፤ እስክትፈቅድ ድረስም ማንም እንዳይወጣ፣ ማንም እንዳይገባ፣ በአንድ ዋንጫም እንዳንጠጣ አዘዘች።

«በሳል፣ በማስነጠስ፣ በምራቅ ይተላለፋል» አለች። «ያልታመመ ሰውም ጉሮሮው ውስጥ ሊይዘው ይችላል። አባባ፣ እትፍ ማለቱን ይተዉት።»

«ዱዓዬን ነው በሽታ ያልሽው?»

«ዱዓውንማ ይጨምሩልን! ምራቁን ነው ያልኩት።»

አባባ ይማም ከዚያች ቀን ጀምሮ ተረቱንም ምርቃቱንም ተዉት። ያኔ፣ ዘይነብ ትኑር ትሙት የሚነግረን በሌለበት፣ የተረታቸው መቅረት ከተዘጋው በር ይበልጥ አፈነን፤ ግድግዳው ወደ እኛ የሚጠጋ ይመስለኝ ነበር፣ ፋኖሱ እንኳ አየር እንዳጠረው ይርገበገባል። እሳቸው ፍሙን እያዩ «እኔ እሆን ያነቅኋት?» ይላሉ።

ሲጨንቀኝ፣ «አባባ፣ ጅቡስ የት ደረሰ?» አልኳቸው።

«የት ይደርሳል? እንደኛው ተዘግቶበታል!»

የጥምጥማቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ አሰሩ፤ ከእኛ ራቅ ብለው ጥግ ተቀመጡና ጅቡን ከተዘጋበት ማውጣት ጀመሩ። በሩ እስኪከፈትልን ድረስ ጅቡም አልወጣም።

ዘይነብ ድና ስትመለስ ድምጿ ገና እንደ ዛገ የበር ማጠፊያ ሲጢጥ ይል ነበር። እየሮጠች ሄዳ ግንባሯን ሰጠቻቸው።

«እትፍ በሉኝ እንጂ!»

ደረቅ እጃቸውን አናቷ ላይ ጭነው «አላህ ያሳድግሽ» አሉና ሳቁ።

ከዚያ ወዲህ ክትባት መጣ በተባለ ቁጥር የሰፈሩን ልጅ ሁሉ ፊት ፊታቸው እየነዱ የሚያስወጉት እሳቸው ሆኑ፤ ላልተወጋ ተረት የለም። እኔም ሸምግዬ ልጅ ስመርቅ እጄን ብቻ እጭናለሁ።

ሳቁ ያልኩት ግን የኔ ጭማሪ ነው። ያን ጊዜ የጥምጥማቸውን ጫፍ ከአፋቸው አንስተው ዓይናቸውን ነበር ያበሱበት።