በኢንተርኔት የሸጥሁት በርኖስ

የሠራኋቸውን በርኖሶች ብል ሳይበላቸው በኢንተርኔት ልሸጣቸው ተነሣሁ። የእኔን በርኖስ ዝናብ እንኳ አይቶት ይመለሳል። አስተማሪዋ የእህቴ ልጅ አንዱን አልብሳ ፎቶ አነሳችኝና ሁለት መሸጫ ገጾች አሳየችኝ።

«ጋሼ፣ በዚህኛው ዋጋው አንዴ ተጽፎ ያልቃል። በዚያኛው ከገዢው ጋር ይጻጻፋሉ።»

«ያልተከራከሩበት ዕቃ ተሸጠ ይባላል?» ብዬ ሁለተኛውን መረጥሁ።

ያን ጊዜ በምንኖርበት በቀየት ኔትወርክ ያለው አንድ ኮረብታ ላይ ብቻ ስለነበር ግማሹ አገር እዚያ ቆሞ ይውል ነበር። በማግስቱ እኔም በርኖሴን ደርቤ ወጣሁ። ወዲያው ገዢ ጻፈልኝ። እኔ በማርያም ስምል፣ እሱ በጊዮርጊስ ሲምል ቀኑ ተጋመሰ። በመጨረሻ ተስማማንና «የት ልላክልህ?» ብዬ ጻፍሁ።

ከጀርባዬ አንድ ሰው «የትም አይላኩት፣ ጋሼ» አለኝ። «የለበሱትን ያውልቁልኝ፤ እዚህ ቆሜ ስከራከርዎት ብርድ ሊገድለኝ ነው።»