ከአንሶላው ጀርባ

የኔቪል ትሬጊር ጆሮ የሰው ጆሮ አይደለም። ይህን የምለው ጓደኛዬ ስለሆነ ሳይሆን ሃያ ዓመት አጠገቡ ተቀምጬ ስለተቃጠልኩ ነው። ቤቴ መጥቶ ሻዩን ፉት እያለ፣ «የግራው ድምፅ ማጉያህ ጀርባ አንድ ብሎን ላልቷል» ይለኛል። እኔም «ምንም የላላ ነገር የለም» ብዬ ሽንጤን ገትሬ እሟገታለሁ። እሱ ከሄደ በኋላ ብሎን መፍቻዬን ይዤ ተንበርክኬ ሳየው ላልቶ አገኘዋለሁ። አጥብቄው ስነሣ ድምፁ የተሻለ ይመስለኛል፤ ያን ጊዜ ደግሞ የበለጠ እናደዳለሁ።

ጡረታ እስኪወጣ ድረስ እዚሁ ላንሰስተን ከተማ ውስጥ የባቡር ፉርጎ አናጢ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን፣ እውነቱን ለመናገር ከዚያ በፊትም፣ ዕድሜውን የጨረሰው ከቤቱ ጀርባ ባለችው የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ የሙዚቃ ዕቃ መደርደሪያ ሲሠራ ነው። የሸክላ ማጫወቻ መርፌ የምታነበው ከፀጉር የቀጠነ ነገር ስለሆነ፣ ከሥሯ ያለው ሲንቀጠቀጥ እሷም ትንቀጠቀጣለች። ስለዚህ ማጫወቻው ምን ላይ ይቀመጥ የሚለው ጥያቄ እኛን ለመሰለ ሰው እንቅልፍ የሚነሣ ነው። ኔቪል በሠላሳ ዓመት ውስጥ አሥራ አንድ መደርደሪያ ሠርቶ አሥራ አንዱንም አፍርሷል። አንዱን ሲጨርስ የሚቀጥለው ይታየዋል፣ እንጨቱን ደግሞ ከዚያው ይነቅላል። ሚስቱ ዊልማ፣ «የሰው ባል ሚስት ይቀያይራል፣ የኔው መደርደሪያ። እግዚአብሔር ይመስገን!» ትላለች።

አሥራ ሁለተኛውን ግን አላፈረሰውም። ከጥቁር ግራር ሠራው። እንጨቱን በዘይት አሽቶ አሽቶ ውስጡ መብራት የበራ አስመሰለው። አንድም ምስማር የለውም፣ እንጨቱ ከእንጨት ጋር ተቆላልፎ ነው የቆመው። ያኔ እጁ መንቀጥቀጥ ጀምሮ ነበር፤ ሐኪሙም ለበሽታው ስም ሰጥቶለታል። አንድ ቀን መሮውን አስቀምጦ፣ «ይሄ የመጨረሻዬ ነው» አለኝ። «አሥራ አንዱን በገዛ እጄ በላሁት። አንድ እንኳ ሰው በሚሰበሰብበት ቦታ ቆሞ ቢቀርልኝ ደስ ይለኛል።» ኔቪል እንዲህ ያለ ነገር አውርቶ ስለማያውቅ እኔ ወሬውን ወደ ዝናቡ አዞርኩት።

ሰው የሚሰበሰብበት ያለው የእኛን ማኅበር ነው። ስማችን ትልቅ ነው፣ «የሰሜን ታዝማኒያ የድምፅ ወዳጆች ማኅበር»። እኛ ግን አሥራ አምስት ሽማግሎች ነን፣ ሁለቱ የመስሚያ መሣሪያ ጆሯቸው ውስጥ ሰክተው ስለ ድምፅ ጥራት የሚከራከሩ። በየወሩ መጨረሻ እሑድ ከሰዓት በወንዙ ዳር ባለው የስካውቶች አዳራሽ እንገናኛለን። የአዳራሹ ወለል ከማርጀቱ የተነሣ አንድ ሰው ብስኩት ሊያነሣ ብድግ ሲል መርፌዋ ትዘላለች። የማኅበሩ አሮጌ መደርደሪያ እግሩ በስብሶ ስለወደቀ፣ በነሐሴ ወር ሦስት መደርደሪያዎች አወዳድረን ያሸነፈውን ለዘለቄታው አዳራሹ ውስጥ ልናቆም ወሰንን። አንደኛው ከሆባርት በውሰት የመጣ፣ ቱቦው በደረቅ አሸዋ የተሞላ ብረት ነበር። ሁለተኛው የሊቀመንበራችን የክላይቭ ባነርማን ነው፤ ከውጭ ያስመጣው መስታወትና ብረት፣ እግሮቹ እንደ መርፌ የሾሉ። ሦስተኛው የኔቪል ነው።

ስናወዳድር የአንሶላ ሥርዓት አለን። መደርደሪያዎቹ በተርታ ይቆሙና ከፊታቸው አንሶላ ይወጠራል። ማጫወቻው ከአንዱ ወደ አንዱ ይዛወራል፤ እኛ ከአንሶላው ወዲህ ዓይናችንን ጨፍነን ትንፍሽ ሳንል አንድ ዓይነት ሸክላ ሦስት ጊዜ እንሰማለን። የሚያዛውረው ሰው የማኅበሩ አባል መሆን የለበትም። ሃያ ዓመት ሙሉ ይህን የምትሠራው ዊልማ ናት። ዕጣ አውጥታ ቅደም ተከተሉን በወረቀት ትጽፋለች፣ ወረቀቱን ኪሷ ውስጥ ትከታለች፣ ድምፅ ከተሰጠ በኋላ ታነበዋለች። ማጫወቻው ሃያ ሁለት ኪሎ ይመዝናል። ዊልማ ደግሞ ሰባ ሁለት ዓመቷ ነው። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች አንድ ላይ ያሰበ ሰው ከመካከላችን አልነበረም።

የዚያን ቀን ኔቪል ማጫወቻውን በበሩ በኩል ባለው በራሱ መደርደሪያ ላይ አስቀምጦ ሽቦውን አገናኘና መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ዊልማ አንገቷን በአንሶላው ጫፍ ብቅ አድርጋ፣ «ጆሯችሁን አጽዱ፣ ሽማግሎች! የሚያንኮራፋ ካለ ኬክ የለውም!» አለችና ተመልሳ ገባች። ኳ፣ ቋ፣ የእግር ጉተታ፣ ከዚያ ጸጥታ። «ዝግጁ!» አለች፣ ሙዚቃውም ጀመረ። ሸክላው የሴሎ፣ የዚያ በጉልበት መሐል ይዘው የሚጫወቱት ትልቅ ቫዮሊን፣ ነበር።

የመጀመሪያው ሲያልቅ ፊታችን ሁሉ ተኮማትሮ ነበር። ከኋላዬ ያለው ሰውዬ በሹክሹክታ «ጭቃ» እያለ ሲጽፍ ሰማሁት። እንደገና ኳኳታ፣ እንደገና «ዝግጁ!»። ሁለተኛው ጠራ፣ ነገር ግን ቀዝቃዛ ነበር፤ በዚህም ሁላችን ተስማማን። ሦስተኛው ሲመጣ አዳራሹ ሌላ ሆነ። ሴሎው እዚያው አንሶላው ሥር የተቀመጠ ነው የሚመስለው። ክላይቭ ዓይኑን በመሐረብ ጠረገ። እኔ በወረቀቴ ላይ «ሦስተኛው ይተነፍሳል» ብዬ ጻፍኩ። ይህንን እዚህ ላይ በራሴ ላይ መስክሬ ብናገር ይሻለኛል።

ባለቤቶቹ ድምፅ አይሰጡም። ከቀረነው አሥራ ሦስት ሰዎች አሥራችን ሦስተኛውን መረጥን። ዊልማ ከአንሶላው ጀርባ ወጥታ ወረቀቷን ከኪሷ አወጣች። አንዴ አየችው፣ አንዴ ባሏን አየችው፣ ከዚያም፣ «አንደኛው አሸዋው። ሁለተኛው የኔቪል። ሦስተኛው... የክላይቭ» ብላ ወንበር ፈልጋ ቁጭ አለች።

ክላይቭ ጨዋ ሰው ነውና አልጨፈረም። መጥቶ የኔቪልን ትከሻ ያዘና፣ «ወንድሜ፣ የእጅህ ሥራ እኮ እንደ ሐውልት ነው» አለው።

«ሐውልት ይዘምራል እንዴ?» አለ ኔቪል፣ ሊስቅም ሞከረ። የራሱን ማስታወሻ አየሁበት። «ሦስተኛው። እጅ ሰጥቻለሁ» ይላል።

መደርደሪያውን ፒክአፑ ላይ ጭነን በገመድ አሰርነው። እኔ መኪና ስለሌለኝ ሁልጊዜ የሚያደርሱኝ እነሱ ናቸው። ዊልማ በመስኮቱ በኩል፣ እኔ መሐል ላይ ጉልበቴን ከማርሹ ጋር እያጋጨሁ ተቀመጥን።

«ሦስተኛው በእርግጥ ይበልጣል» አለ ኔቪል እየነዳ። «እኔው ራሴ ሰማሁት። እንጨት እስከዚያ አይደርስም ማለት ነው፣ በቃ።»

ድልድዩን እንዳለፍን ዊልማ፣ «መኪናውን አቁም» አለች።

«ምነው? የኬኩን ሳህን ረሳሽ?»

«አቁም አልኩህ እኮ፣ ኔቪል!»

ዳር ይዞ አቆመ።

«አላነሣሁትም» አለች ወደ ፊት እያየች።

«ምኑን?»

«ያን ወፍጮ የሚያህል ማጫወቻችሁን ነዋ! አንዴም አላነሣሁትም። ዳሌዬ እምቢ አለኝ። አንተው ባስቀመጥክበት ቦታ፣ ያንተው ላይ ነበር፣ ሦስቱንም ጊዜ።»

«ታዲያ ያ ሁሉ ኳኳታ?» አልኩ እኔ።

«የክላይቭን ብረት በማንኪያ እየመታሁ ነበር። እግሬንም ጎተት ጎተት አደርግና ወንበሬ ላይ አርፌ፣ ሲበቃኝ ‹ዝግጁ› እላለሁ።»

ሳቄ አመለጠኝ። ከዚያ «ይተነፍሳል» ብዬ የጻፍኩት ትዝ ሲለኝ ፊቴ እሳት ሆነ። ጭቃውም፣ ቅዝቃዜውም፣ ክላይቭን ያስለቀሰውም ያው አንድ እንጨት ነው።

«እዚያው ለምን አልተናገርሽም?» አላት ኔቪል።

«ምን ልበል? አሥራ አምስት ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ሲቀልጥ፣ ‹ሁሉም ያው ነው› ልበላችሁ? ሠላሳ ዓመትህንስ የት ላድርሰው? ዝም ስል ደግሞ አንተ ተሸንፈህ ልትገባ ነው። ሁለቱም ጨነቀኝ። ይኸው እስከ ድልድዩ ድረስ ሳወጣና ሳወርድ ነው የመጣሁት።»

እኔ አላስችል አለኝ። «ምን ትጠብቃለህ፣ አዙረው እንጂ!» አልኩት። «አሥራ ሦስታችንም የሰማነው ያንተን ነው! ክላይቭ ገና በሩን አልቆለፈም። መደርደሪያህ ዛሬውኑ አዳራሹ ውስጥ ይቁም!»

«አንተ ደግሞ ዝም በል» አለችኝ ዊልማ፣ ግን በተስፋ ነበር ባሏን የምታየው።

ኔቪል አላዞረውም። ፊቱን ወደ እሷ መለሰ፣ እኔ መሐላቸው ያለሁ አልመሰለውም።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የሚያምሽ?»

«ከካቻምና ክረምት።»

«አልነገርሽኝም እኮ።»

«ነግሬህ ነበር፣ ሁለት ጊዜ። አንዴ ስነግርህ እንጨት እየላግህ ነበር። አንዴ ደግሞ ‹እሺ፣ ይቺን ሸክላ ልጨርስ› አልከኝ።»

«ካቻምና ከሆነ እንግዲህ... ዘንድሮ ነው ያላነሣሽው። አምናስ?»

«አምና አነሣሁት።»

«እንዴት አድርገሽ?»

«እያቃሰትኩ ነዋ! እንዴት አድርጌ ይመስልሃል?»

«የት ሆነሽ ነው ያቃሰትሽው?»

«ከአንሶላው ጀርባ፣ ኔቪል። እናንተ ከፊት ተቀምጣችሁ፣ ጸጥ ብላችሁ ስታዳምጡ።»

መኪናዎች አጠገባችን ሲያልፉ ፒክአፑ ይወዛወዝ ነበር።

«አልሰማሁም» አለ ኔቪል።

እኔም አልሰማሁም። ኔቪል ማርሹን አስገባ፣ ጉልበቴን ይቅርታ ሳይጠይቅ ገጨው፣ ወደ ቤታቸውም ነዳ።

ስንደርስ ዝናቡ ጀምሮ ነበር። ኔቪል መኪናውን ዞሮ በሷ በኩል ያለውን በር ከፈተና እጁን ሰጣት። «ልጅ አደረግከኝ እንዴ?» ብላ አጉረመረመች፣ ነገር ግን ክንዱን ይዛ ወረደች። እኔ ወደ ኋላ ሮጬ የመደርደሪያውን ገመድ መፍታት ጀመርኩ፤ በዘይት የታሸ እንጨት ውኃ ሲያገኘው ምን እንደሚሆን ያስተማረኝ እሱ ነው።

«ኔቪል! ሊረጥብ ነው እኮ፣ ና ያዝልኝ!»

«ተወው» አለኝ ሳይዞር።

ኮቴን አውልቄ መደርደሪያውን አለበስኩት፤ ግማሹን እንኳ አልሸፈነም። ደህና ዋሉ ልል ወደ በሩ ስጠጋ በመስኮቱ አየኋቸው። ዊልማ ወንበር ላይ ተቀምጣለች፣ እሱ ወለሉ ላይ ተንበርክኮ የጫማዋን ማሰሪያ ይፈታል። ቋጠሮው እምቢ ብሎት ብዙ ጊዜ ፈጀበት፣ እሷም እስኪፈታላት ጠበቀችው።