የማያውቀኝ ኮምፒውተር

ሰውዬው ኢንተርኔት ቤቱ ውስጥ እግሩን እንኳ በቅጡ ሳያስገባ፣ "ልጄ፣ የማያውቀኝ ኮምፒውተር ስጪኝ" ይላል። መኖሪያ ቤቱ ያለው ኮምፒውተር ስለለመደው፣ ሁሌ እሱ የሚጽፍበትን ድረ ገጽ ከላይ እያወጣ ያባብለዋል፤ ስለዚህ አያምነውም። አስተናጋጇ ለምዳዋለች። ኮቱ የተተኮሰ ነው፤ ጥፍሮቹ ውስጥ ግን ሁልጊዜ አፈር አይጠፋም።

ተቀምጦ መፈለጊያው ላይ የሚጽፈው ጥያቄ አንድ ነው፤ የጠወለገ ጽጌረዳ እንዴት ይድናል? ድሮ አንደኛ የሚወጣው የሱ ጽሑፍ ነበር። ኋላ አዋቂ ነን ባዮች ርዕሱን ቀይር ሲሉት ቀየረ፤ አሳጥር ሲሉት አሳጠረ፤ አስረዝም ሲሉት አስረዘመ። አሁን መፈለጊያው ራሱ ከሰው ጽሑፍ ለቃቅሞ ከላይ መልሱን ጻፍ ጻፍ ያደርገዋል፤ የሱ ገጽ ከታች ሰው ሳያየው ይቀራል።

"ወይ ጉድ! ቃል በቃል የኔ ነው እኮ!" አለና ዛሬ ጠረጴዛውን በጡጫ መታው። "አንቺ ብትሆኚ እስከ ታች ትወርጃለሽ?"

"መልሱን ካገኘሁ ወርጄ ምን ልሠራ፣ ጋሼ?" አለች ሳታስበው። ወዲያው ምላሴን በቆረጠው አለች በልቧ።

መነጽሩን አውልቆ ወደ ስክሪኑ ተጠጋ። "የደረቀውን ቁረጥ ብሏል፣ ጥላ ውስጥ አቆይ ብሏል። 'ባለቤቴ እንዳሳየችኝ' የምትለዋን ግን አውጥቶ ጥሏታል።"

"ለባለቤትዎ ይንገሯቸዋ፤ ይሳቁበት።"

"የት አግኝቼ?" አለና ጣቱን ወደ ስክሪኑ ግርጌ ቀሰረ። "የቀረችኝ እዚያ ታች ብቻ ነው። አንቺም አልወርድም አልሽኝ።"