መሪጌታ ውቤ ያልፈረሙበት ቃለ ጉባኤ

መሪጌታ ውቤ የዜማውን መጽሐፍ፣ ድጓን፣ ያስመሰከሩት የድጓ ምስክር ቤት በሆነው በቤተ ልሔም ነው። ሌላ ቦታ ተምረው ቢሄዱም አንዲት የዜማ ምልክት በሳቱ ቁጥር «ተመለስ!» እየተባሉ ሁለት ዓመት ቆይተዋል። ዛሬ ከአርብ ገበያ ወረድ ብሎ ባለ ቀበሌ ገብስና ባቄላ ያርሳሉ፤ ገበሬው መርጧቸውም የመሬት ኮሚቴው ሰብሳቢ ናቸው።

ሚያዝያ ላይ የቀበሌው ሊቀ መንበር፣ ዘመኑ፣ ተጽፎ ያለቀ ቃለ ጉባኤ ይዞ ኮሚቴው ፊት ቀረበ። ባሏ የሞተባት ተሾመች ከመንገድ ዳር ያላት ማሳ ተወስዶ ለሱቅ መሥሪያ ይሰጥ ይላል። አባላቱ ፈርመዋል፤ የቀረው የሰብሳቢው ነው። ተሾመች የይዞታ ደብተሯን በነጠላዋ ጠቅልላ በሩ ላይ ቆማለች። ከዚያ ማሳ ሌላ የላትም።

«ራሷ አታርሰውም፣ በእኩል ነው የምታሳርሰው» አለ ዘመኑ። «ደብተሩንስ ቀበሌው አይደል የሰጣት? ማኅተሙ ያው በእጄ ነው።»

መሪጌታ ደብተሩን ተቀብለው ገለጡት። የሟቹና የተሾመች ፎቶ ጎን ለጎን ተለጥፏል።

«ዘመኑ፣ ቤተ ልሔም ስሄድ ድጓውን የኔታ ሰጡኝ እንዴ? ይዤው ነው የሄድኩ። እሳቸው መሰከሩልኝ። አንድ ቀን ደግሞ ራሳቸው ሳቱና ከሁላችን የሚያንሰው ተማሪ ‹የኔታ፣ መጽሐፉ እንዲህ አይልም› አላቸው። የኔታም ተመልሰው አቀኑት።»

«እርስዎ ደግሞ ሁሉን ነገር ድጓ ያደርጉታል!»

«አንተስ ሁሉን ነገር ሱቅ ታደርግ የለም?»

ቤቱ በሳቅ ሞላ። ዘመኑም ሳይወድ ፈገግ አለ።

«ማኅተምህ ለመብቷ ይመሰክራል እንጂ መብቱን አልፈጠረውም» አሉ መሪጌታ። «መብቱ ከሕገ መንግሥቱ ነው፤ ሕገ መንግሥቱ የሕዝቡ ነው፤ እኔም አንተም ከሥሩ ነን። መሬቱ ለሕዝብ ጥቅም ከተፈለገ አስቀድሞ ይነገራታል፣ ካሳ ታገኛለች፣ ቅር ካላት አቤት ትላለች። ይህ ወረቀት አንዱንም አላደረገም።»

«ወረዳው ቢጠይቀኝስ?»

«መሪጌታ እምቢ አሉ በል። ምክንያቱንም ጻፈው፤ እሱን እፈርማለሁ።»

ከፈረሙት አባላት አንዱ የሆነው እንዳለ ጉሮሮውን ጠረገ። «እኔንም ከዚያኛው ሰርዘኝ፤ ሳላነበው ነው የፈረምኩ።»

ዘመኑ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ፤ ሌላ ንጹሕ ወረቀትም አወጣ።

«ምን ላድርግልዎ፣ መሪጌታ?» አለች ተሾመች ደብተሯን እየጠቀለለች።

«ሰኔ ሳያልፍ አዘሪው።»

ሐምሌ ላይ ከመንገዱ ዳር ገብሱ በቅሎ ነበር።