በኮራሎቹ ሳሎን የተነፋው ፍሊት

ላሊበላ ከተማ ውስጥ ሆቴል ያለው አንድ ሰው ቤት ዘበኛ ነበርኩ። ሳሎኑ ውስጥ ጨው ውሃ የሞላበት ትልቅ የመስታወት ገንዳ አለ። በውስጡ ለስላሳ ኮራሎች ይኖራሉ። አበባ ይመስላሉ እንጂ የባሕር እንስሳት ናቸው። አንዱ እንደ እንጉዳይ ጃንጥላውን ዘርግቶ፣ በላዩ የበቀሉትን ቀጫጭን ጣቶች ሲያወዛውዝ ይውላል። ጌታው ከሚስት በላይ ይወዳቸው ነበር። አዲስ አበባ ሲሄድ፣ "አንዱ ቢሞት አንተም እዚህ የለህም" ብሎ አስረከበኝ። ቀልድ አልነበረም።

በዚያው ሰሞን እናቱ ከገጠር፣ ከብልባላ መጡ፤ ከነብርድ ልብሳቸው፣ ከነቁንጫቸው።

ጌታው በሚመለስበት ጧት ከግቢ ስገባ ሳሎኑ ፍሊት ፍሊት ይሸታል። አሮጊቷ የተባይ ማጥፊያውን ጣሳ ይዘው ቆመዋል። አየር የሚስበው ሞተር ያን መርዝ እየማገ ገንዳው ውስጥ ይለቀዋል። ጃንጥላው ኮራል ጣቶቹን ሰብስቦ ተኮማትሯል። አብረዋቸው የሚኖሩት ሽሪምፖች፣ እነዚያ ባለ ብዙ እግር ትንንሽ የባሕር እንስሳት፣ በጀርባቸው ወድቀው ይንፈራገጣሉ።

"እመት! ምን አደረጉ?"

"ቁንጫ ፈጀኛ! ሳክክ ልደር?"

ፊደል የቆጠርኩት ከሸበትኩ በኋላ ነው፤ ቢሆንም ጣሳውን ነጥቄ አነበብኩላቸው። ዓሣ ባለበት አይነፋም ይላል።

"ማንበብ ቻልኩ ብለህ ደግሞ ልትገሥጸኝ! ሰው አልሞተ!"

ግን ፈርተዋል። "ለልጄ እኔው እነግረዋለሁ፤ አንተ ብቻ አድናቸው" አሉኝ። አመንኳቸው። ቆራቢ ናቸዋ።

ሞተሩን ነቀልኩ፤ መስኮቱን በረገድኩ፤ ለመለወጫ የተዘጋጀውን ጨው ውሃ ከነበርሜሉ ጎትቼ አመጣሁ። የተመረዘው ውሃ በጎማ ቱቦ ነው የሚወጣው፤ መጀመሪያ በአፍ ካልሳቡት አይወርድም። አፌ ቱቦው ላይ እንዳለ ጌታው ከኤርፖርት ገባ።

"ምን ሆኑ?" አለ፣ ሻንጣውን ጥሎ።

እናቱ ነጠላቸውን አስተካከሉ። "ይኸው ዘበኛህ ነዋ! ቁንጫ ላጥፋ ብሎ ነፋባቸው። ተው ብለው እምቢ አለኝ።"

ጨው ውሃው ጉሮሮዬ ገባ። ዕድሜ ልኩን የጾመ አፍ!

ተፋሁና "ውሸት ነው! እርስዎ ነዎት የነፉት!" አልኩ።

"እናቴን ነው ውሸታም የምትል? ውጣ!" አለኝ ጌታው።

"እወጣለሁ። ውሃው ግን ገና ግማሹም አልወረደም። ከበርሜሉ ቀስ እያሉ ይተኩ፤ ባንዴ ከደፉት ያልሞተውም ይሞታል።"

እኔን ማየት ትቶ ቱቦውን አነሳ። በሩን የከፈቱልኝ አሮጊቷ ናቸው። ዓይኔን አላዩም።

"በሰላም ግባ ልጄ" አሉኝ።

ልጄ!