አደር አብዲ የያዙት ሽቦ

ዛሬ ጠዋት ጅጅጋ ቤታችን፣ ልጄ ሐያት ላሆህ የሚሉትን ስስ እንጀራ ማር ውስጥ ነክራ «ቢስሚላህ» ስትል፣ እጄ ሳላዘው ማይክ እንደያዘ ተጨበጠ። ዘንድሮ አንደኛ ክፍል ገብታለች።

እሷ በተወለደች ዓመት ከከሚሴ መጥቼ ደምበል ጤና ጣቢያ የሬድዮ ሠራተኛ ነበርኩ። ሶማሌዎች ጉ የሚሉት የበልግ ዝናብ መንገዱን ቆርጦት፣ ስልክም ጠፍቶ ነበር። የአራት ወሯ ሐያት ትኩሳቷ አልበርድ አለ፤ ጡት መያዝ ተወች። ነርሷ «እዚህ መድኃኒቷ የለም፤ መኪናችን ጎርፉን አይሻገርም፤ ከጅጅጋ ከማዶ መኪና ይምጣላት» አለችኝ።

የነበረን ሬድዮ በትርፍ ጊዜያቸው የሚነጋገሩ አማተሮች የሚጠቀሙበት ዓይነት ነው። በዚያ ዝናብ ጉልበት ያለሚጨምርለት አምፕሊፋየር ጅጅጋ አይሰማም። አምፕሊፋየሩ ደግሞ የማይኩን ቁልፍ ስጫን በቀጭን ሽቦ ከሬድዮው ምልክት ካላገኘ አይነሳም። «በቀጥታ አታገናኚው፣ ሬድዮውን ያቃጥላል፤ መሃል ሬሌ ይግባ» ተብዬ ነበር። ሬሌው፣ ጉልበቱን የሚችለው ማብሪያ፣ እስኪመጣ ብዬ በቀጥታ አገናኘሁት። ሳምንት ሠራ።

የዚያን ቀን ስጫን የአምፕሊፋየሩ መለኪያ መርፌ አልተንቀሳቀሰም። ሬድዮው ውስጥ ምልክቱን ወደ ሽቦው የምትሰጠው ትንሽ መገናኛ ተቃጥላለች። ያቃጠልኳት እኔ ነኝ። ልጄን እንዳዘልኩ ግድግዳውን ተደግፌ ቆምኩ።

ሾፌራችን አደር አብዲ ገቡ። አደር በሶማሊኛ አጎት ማለት ነው። የሆነውን ነገርኳቸው።

«ሽቦው ምን መንካት ነበረበት?»

«የአምፕሊፋየሩን ብረት።»

«እኔ አስነካዋለሁ። አንቺ ተናገሪ።»

«ይነዝራል፣ አደር። ደግሞ ከመጫኔ በፊት መንካት፣ ቁልፉን ስለቅ መልቀቅ አለብዎት። ከተሳሳትን አምፕሊፋየሩም ይቃጠላል።»

«በምን አውቃለሁ?»

«ቢስሚላህ ስል ይንኩ፤ አልሐምዱሊላህ ስል ይልቀቁ።»

«ይቺንስ ሳልማርም አውቃታለሁ» ብለው ሽቦውን እጀታው በተላጠ ፒንሳ ያዙ።

ጅጅጋን ሦስት ጊዜ ጠራሁ። ከሬድዮው ጩኸት በቀር መልስ የለም። አራተኛው ላይ ሐያት ከጀርባዬ ማልቀሷን አቆመች። ዝምታዋ ምላሴን አሰረው። «ቢስሚላህ» ያሉት አደር አብዲ ናቸው። ሽቦውን አስነኩ፤ ተጫንኩ፤ ምን እንዳልኩ አላስታውስም።

«ደምበል፣ ሰምተናል። ልጅቷ ስንት ወሯ ነው?» አለ ከጅጅጋ የመጣ ድምፅ።

መኪናው ከጎርፉ ማዶ ቆሞ ጠበቀን። አደር አብዲ ሐያትን ከራሳቸው በላይ ይዘው ውኃውን አሻገሯት። ጣታቸው ላይ የሽቦው ቃጠሎ ነበር፤ «የግመል ንክሻ ይብሳል» አሉኝ።

ያን ቀን መልስ ሳላገኝ ሦስት ጊዜ አመስግኛለሁ፤ ሽቦ ለማስለቀቅ ብዬ። አላህ ግን ተቀበለኝ።

ሐያት ላሆሁን ጨረሰች። «አልሐምዱሊላህ» አለች። እኔም እጄን ፈታሁ።